ቅኝቱ የጠፋበት ሙዚቃ፦ ስፐርገርና ኮንትራባሱ

ስፐርገር ስለሚባል የጥንት ኮንትራባስ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ለሙዚቃ ተማሪዎችና ወዳጆች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ ነው። የአነጋገሩን ለዛ ብዙ አልነካሁትም። ስናገር ኮንትራባሱ ከጎኔ ቆሞ ነበር፤ ስታነቡ እሱንም እዚያው አቁሙት።

እንደምን አመሻችሁ።

ከዚህ ከጎኔ ከቆመው ግዙፍ ባለ ጅማት መሣሪያ ልጀምር። አንዳንዶቻችሁ ደብል ቤዝ ትሉታላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ኮንትራባስ። ሁለቱም ያስኬዳል። እኔ ዛሬ ኮንትራባስ እለዋለሁ። ወደዚህ ስመጣ የሚኒባሱ ረዳት ከላይ እስከ ታች አየውና «የሁለት ሰው ትከፍላለህ» አለኝ። ከፈልኩ። ልወርድ ስል ደግሞ ጠጋ ብሎ «ውስጡ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። እንደ እውነቱ ከሆነ አለ። ዛሬ ማታ የማወራላችሁ ስለዚያ ሰው ነው።

ይህ መሣሪያ በኦርኬስትራ ውስጥ ሚዜ ነው። ሙሽራው ቫዮሊን ነው። ሚዜው ከቀረ ሠርጉ ይበላሻል፤ ግን ፎቶው ሲታጠብ ሚዜውን ፈልጎ የሚያይ የለም። ሚዜው ራሱ ሙሽራ የሆነበት አንድ አጭር ዘመን ግን ነበር። ቦታው ቪየናና በዙሪያዋ ያሉ የመሳፍንትና የጳጳሳት ግቢዎች ናቸው። ጊዜው ከ1760ዎቹ ይጀምራል፤ ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ጠፋ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ እንዳትደናገሩ።

የሙዚቃ ደራሲው ሃይድን በ1761 «ጠዋት»፣ «ቀትር» እና «ማታ» የሚባሉትን ሦስት ሲምፎኒዎች ሲጽፍ በሦስቱም ውስጥ ለኮንትራባስ የብቻ ቦታ ሰጠው። ቆየት ብሎ አንድ ሙሉ ኮንቸርቶም፣ ማለት አንድ መሣሪያ ዋና ሆኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ድርሰት፣ ጽፎለት ነበር። ጠፋ። የቀረልን ሃይድን በራሱ መዝገብ ላይ ያሰፈራት የመክፈቻ ጥቂት ባር ብቻ ናት። የኮንትራባስ ተጫዋቾች ሲሰበሰቡ ይህን ወሬ እንደ ሐዘን ነው የሚያወሩት። ከሃይድን በኋላ ዲተርስዶርፍ መጣ፣ ቫንሃል መጣ፣ ሆፍማይስተር መጣ። ሁሉም ኮንቸርቶ ጻፉ። ሞዛርት ደግሞ በሞተበት ዓመት፣ በመጋቢት 1791፣ «ፔር ኩዌስታ ቤላ ማኖ» የሚል አሪያ፣ ማለት የብቻ ዘፈን፣ ጻፈ። ዘፋኙ ወፍራም ድምፅ ያለው ወንድ ነው። ከሥሩ ኮንትራባሱ እንደ ቫዮሊን ይሮጣል፣ ይዘላል። የተጻፈው ፒሸልበርገር ለሚባል የቪየና ተጫዋች ነበር። ዛሬ ያንን አሪያ የሚለማመድ የኮንትራባስ ተማሪ ካጋጠማችሁ ውኃ አቀብሉት።

ሁሉም አንድ ሁለት ሦስት እያሉ ሲያልፉ ግን አንድ ሰው 18 የኮንትራባስ ኮንቸርቶ ጻፈ። አሥራ ስምንት! ስሙ ዮሐን ማቲያስ ስፐርገር ነው። እዚህ ካላችሁት ስሙን ከዛሬ በፊት የሰማ እጁን ያውጣ። ... ሁለት። አንዱ የእኔ ተማሪ ነው፤ እሱ አይቆጠርም።

ስለ ሰውየው ከማውራቴ በፊት ግን መሣሪያውን ላሳያችሁ። መሣሪያው ካልገባችሁ ሰውየው አይገባችሁም።

የዛሬው ኮንትራባስ ብዙውን ጊዜ አራት ጅማት አለው። ከወፍራሙ ስንጀምር ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል። የቪየናው ግን አምስት ነበረው፤ ፋ፣ ላ፣ ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ። እኔ አምስተኛው የለኝም። ስለዚህ ለዚህ ቅኝት የተሠሩ ጅማቶች ገዝቼ የላይኞቹን አራቱን ገጥሜያለሁ። አሁን ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ ልክተት። እዩ፣ ምንም አልጫንኩም። ደጋኑን ብቻ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ላሂድ።

ላ። ሬ። ፋ ሻርፕ። ላ።

ሰማችሁ? ሙሉ የሬ ሜጀር ኮርድ ነው፤ ኮርድ ማለት አንድ ላይ ሲሰሙ የሚስማሙ ድምፆች ናቸው። እጄ ኪሴ ውስጥ ሆኖ መሣሪያው ራሱ ዘፈነ። በተለመደው ቅኝት ይህን ባደርግ የምትሰሙት ተራ በተራ የቆሙ አራት ድምፆችን ነው፤ ዜማ አይወጣቸውም።

ክራር የሚጫወት ሰው ይህን ሳላስረዳው ይገባዋል። ትዝታ ሊጫወት ሲል ክራሩን ለትዝታ ይቃኛል። ባቲ ሲመጣ ተመልሶ ይቃኛል። በትዝታ በተቃኘ ክራር ባቲ ካልተጫወትኩ የሚል ሰው ቢመጣ «ምነው ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቃኘው እንጂ» ነው የምንለው። እኛ ቅኝት ስንል መሣሪያውን ማስተካከል ማለታችን ብቻ አይደለም፤ የዘፈኑን ጠባይ ማለታችንም ነው። በሌላ ቋንቋ ስለ ስፐርገር ሳነብ ጸሐፊው ይህን ነገር ለማስረዳት ገጽ ሙሉ ሲለፋ አያለሁ። በአማርኛ አንድ ቃል ይበቃዋል። የቪየናው ኮንትራባስ በሬ ሜጀር የተቃኘ መሣሪያ ነበር። ለእሱ የተጻፈው ሙዚቃም ከዚያ ቅኝት የተወለደ ነው።

ነገሩን በሴንቲ ሜትር ልንገራችሁ። የዚህ መሣሪያ ጅማት፣ የሚጫወተው ክፍል፣ 106 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከላይ ጀምሬ አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ለማለት ጣቴ 11 ሴንቲ ተኩል ያህል መሄድ አለበት። ቫዮሊን ላይ ያው መንገድ ሦስት ተኩል ነው። በአንድ የእጅ አቀማመጥ ከአንደኛው ጣቴ እስከ ትንሿ ጣቴ የምይዘው አንድ ሙሉ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ መላ ክንዴ ይንቀሳቀሳል። ታዲያ ኮርድ እየተበተነ ወደ ላይ የሚሮጥ ዜማ ሲመጣ በዛሬው ቅኝት መዝለል ነው። እየዘለሉ ደግሞ ልክ ቦታው ላይ ማረፍ አለ። በጨለማ ደረጃ እንደ መውጣት በሉት። በቪየናው ቅኝት ግን የምትፈልገው ድምፅ ጎረቤት ጅማት ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። እጅህ ቤቱ ተቀምጦ ደጋኑ ብቻ ይዞራል።

ጅማቱም የበግ አንጀት ነበር፣ እንደ በገናችን። አንገቱ ላይ ደግሞ ፍሬት ይታሰርበታል። ፍሬት ስላችሁ እንደ ጊታር ብረት እንዳይመስላችሁ፤ ይኸው አንጀት ተጠምጥሞ ይታሰራል። ስለዚህ ጣት ያረፈበት ድምፅ ባዶውን ጅማት ይመስላል፣ ጥርት ይላል።

አንድ የራሴን ውርደት ልጨምር። ይህን ቅኝት መጀመሪያ ስሞክር ልዩ ጅማት እንደሚያስፈልገው አላወቅኩም። የተለመደውን የላ ጅማት እያጠበቅኩ ወደ ሬ ልወስደው ፈለግሁ። መቃኛውን አዞርኩ። ትንሽ ጮኸ። አዞርኩ። «ደርሷል፣ ትንሽ ቀረው» አልኩ። ጧ! አለና ጉንጬን ለጥቂት ስቶ ግድግዳው ላይ ምልክት ጥሎ ወደቀ። የዚያን ወር የቤት ኪራይ ግማሹ ጅማት ሆኖ ቀረ። የታሪክ ትምህርቴ በዚህ ተጀመረ ማለት ይቻላል።

ወደ ሰውየው እንምጣ።

ስፐርገር በመጋቢት 1750 ፌልድስበርግ በምትባል ከተማ ተወለደ። ዛሬ ቫልቲሴ ትባላለች፤ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ናት። ቪየና ሄዶ ሲማር ድርሰት ያስተማረው አልብረክትስበርገር ነው፤ ኋላ ቤትሆቨንንም ያስተማረው መምህር። በ1777 ፕሬስቡርግ፣ የዛሬዋ ብራቲስላቫ፣ የካርዲናል ባትያኒ ኦርኬስትራ ውስጥ ተቀጠረ። ጥሩ ኦርኬስትራ ነበር። የኮንትራባስ ኮንቸርቶዎቹንም መጻፍ የጀመረው እዚያ ነው። በ1783 ካርዲናሉ ኦርኬስትራውን በተነው። ስፐርገር ካውንት ኤርዶዲ የሚባል መኳንንት ዘንድ ሄደ። ሦስት ዓመት ሠራ። በ1786 ያም አበቃ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመናገር ከአማርኛ የተሻለ ቋንቋ የለም። ሰውየው ደጅ ጠና። ሦስት ዓመት ሙሉ ከግቢ ግቢ እየዞረ ደጅ ጠና። ያን ጊዜ ሙዚቀኛ ማለት የጌታ ቤት ሰው ነው። ጌታ ከሌለህ እንጀራ የለህም። እሱ ደግሞ ሥራ የሚፈልገው ይህን ቁም ሣጥን የሚያህል መሣሪያ ይዞ ነው። ሚኒባስ የለም። ሠረገላ ነው ያለው። ፕራግ፣ ድሬስደን፣ በርሊን ሄዷል። ጣሊያንም ወርዷል። በ1788 በርሊን ላይ በፕሩሲያው ንጉሥ በፍሪድሪኽ ቪልሄልም ሁለተኛ ፊት ተጫወተ። ንጉሡ ራሳቸው ቼሎ ተጫዋች ነበሩ፤ ወፍራም ጅማት ሲዘፍን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

እጅ መንሻም ነበረው። እጅ መንሻው ኖታ ነው። ሲምፎኒና ኮንቸርቶ እየገለበጠ ለነገሥታትና ለመሳፍንት ይልክ ነበር። የላከውንም በዝርዝር መዝግቧል። ያ ዝርዝር ዛሬም አለ። እኔ ነገሩን ሳስበው የሚታየኝ የሊቅ ሰው ፊት አይደለም። ዱቤ እንደሚይዝ ባለሱቅ ወረቀቱ ላይ አጎንብሶ ይታየኛል። ይህን ለእገሌ ላክሁ፣ ያንን ለእገሌ ላክሁ፣ መልስ ገና።

በ1789 መልስ መጣ። ሰሜን ጀርመን ውስጥ ሉድቪግስሉስት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የመክለንቡርግ ሽቬሪን መስፍን ፍሪድሪኽ ፍራንዝ ቀዳማዊ ግቢ እዚያ ነበር። ስፐርገር ኮንትራባስ ተጫዋች ሆኖ ተቀጠረ። 39 ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ ጌታ አልቀየረም። በግንቦት 1812 እስኪሞት ድረስ 23 ዓመት እዚያው ኖረ። ለመታሰቢያው የሞዛርት ረኲየም፣ ማለት ለሙታን ጸሎት የተጻፈው ሙዚቃ፣ ተጫወተለት። ለአንድ ኮንትራባስ ተጫዋች ትልቅ ክብር ነው፤ እኛማ ስናልፍ ሲዲ ካሰሙልን ደህና ነው።

ምን ጻፈ? ኮንቸርቶዎቹን ነግሬያችኋለሁ። ከ40 በላይ ሲምፎኒ አለው። ከሲምፎኒዎቹ አንዱን እወደዋለሁ። የሃይድንን «የስንብት ሲምፎኒ» ታውቁታላችሁ፤ መጨረሻው ላይ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ሻማቸውን እያጠፉ ይወጣሉ። ኮንትራባሱ እንኳ ከመውጣቱ በፊት የራሱን ተናግሮ ነው የሚሄደው። ስፐርገር ገልብጦ «የመምጣት ሲምፎኒ» ጻፈ። በእሱ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ እየገቡ ይሰበሰባሉ። ሁለት ጊዜ ኦርኬስትራ የተበተነበት ሰው ነው የጻፈው። እኔ ቀልድ ብቻ አይመስለኝም።

ለእኔ ልቤን የሚነካው ግን ለኮንትራባስና ከቫዮሊን ትንሽ ለምትተልቀው ለቪዮላ የጻፋቸው ሶናታዎች ናቸው። አስቡት፣ ሁለት ሰው ብቻ ነው። ማን ዜማውን ይይዛል ብትሉ ትንሿ ቪዮላ መሆን ነበረባት። አይደለችም። ዜማው የኮንትራባሱ ነው፤ ቪዮላዋ ታጅበዋለች። አንዳንድ ቦታ ኮንትራባሱ ከቪዮላዋ በላይ ወጥቶ ይዘፍናል። አባት ልጁ ትከሻ ላይ ተቀምጦ እንደማየት ነው። ሲያዩት ያስቃል፤ ሲሰሙት ግን ያምራል።

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፣ ስፐርገር ሞዛርት አይደለም። ከኮንቸርቶዎቹ አንዳንዶቹ ይረዝማሉ። መጀመሪያ ክፍላቸው ላይ «እዩኝ፣ ይህንንም እችላለሁ፣ ያንንም እችላለሁ» ይበዛል። ደጅ የሚጠና ሰው ሙዚቃ እንዲህ ቢሆን አይፈረድበትም። ቀስ የሚሉት መካከለኛ ክፍሎች ላይ ግን ማሳየቱን ይተዋል። እዚያ ጋ ነው መሣሪያው ከልቡ የሚናገረው። ኮንትራባስ የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚጽፈው ነገር አለ፤ ጅማቱን ጫን ሳትለው ነካ ብቻ ስታደርገው እንደ ዋሽንት የሚያወጣውን ድምፅ የት እንደሚያስቀምጥ ያውቃል። ዲተርስዶርፍ ቫዮሊኒስት ነበር። ለኮንትራባስ የጻፈው ተጫዋቹን አይቶ ነው። ስፐርገር የጻፈው በራሱ ጣቶች ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ስፐርገር ሌላም ያደረገው ነገር አለ፤ እሱ ባያደርገው እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። የሌሎችን ኮንቸርቶ ሰበሰበ። የዲተርስዶርፍን፣ የቫንሃልን፣ የሆፍማይስተርን። ሊጫወታቸው ብሎ ነው የያዛቸው። ለቫንሃል ኮንቸርቶ የራሱን ካዴንሳ፣ ማለት ተጫዋቹ ብቻውን ችሎታውን የሚያሳይበትን ክፍል፣ ጽፏል። ሲሞት ወረቀቱ ሁሉ እዚያው አገር ቀረ፤ ዛሬ ሽቬሪን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። እነዚያ ኮንቸርቶዎች ወደ እኛ የመጡት በእሱ ክምር በኩል ነው። የሃይድን ኮንቸርቶ የጠፋው እንደ ስፐርገር ያለ ሰው እጅ ስላልገባ ነው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን ሐሳቡ ሁሌ ይመጣብኛል።

በዚህ መሐል ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እህት እጇን አወጣች። «ታዲያ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ቅኝቱ ለምን ተተወ?» አለች።

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። መልሱ እዚሁ እጄ ላይ አለ። ይህ ቅኝት ሬ ሜጀር ሲሆን ይበራል። ላ ሜጀርም ደህና ነው። ኦርኬስትራው ሚ ቤሞል ቢፈልግ ደግሞ ዘዴ ነበራቸው፤ ጅማቱን ሁሉ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርገው ይቃኙና ተጫዋቹ ሬ እያነበበ ሚ ቤሞል ይወጣለታል። የዲተርስዶርፍና የቫንሃል ኮንቸርቶዎች እንዲህ ናቸው። ድምፁም ይበልጥ ይሰማል። ነገር ግን ሙዚቃው በአንድ ድርሰት ውስጥ ከአንዱ ሚዛን ወደ ሌላው ሲዘዋወር፣ ቤትሆቨን ሲመጣ፣ ይህ መሣሪያ ተጨነቀ። ክራርህን ለትዝታ ቃኝተህ በአንድ ዘፈን መሐል አራት ጊዜ ቅኝት ቢቀየርብህ እንደ ማለት ነው። በአራተኛ የተቃኘው፣ ማለት እንደ ዛሬው ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል የሆነው፣ ግን የትም ቦታ እኩል ይከብዳል። እኩል መክበዱ ጠቀመው። ኦርኬስትራውም እየተለቀ ሄደ፣ የመሳፍንቱ ትናንሽ ግቢዎችም ጠፉ። ከቬኒስ የመጣው ኮንትራባስ ተጫዋች ድራጎኔቲ በሦስት ወፍራም ጅማት ለንደንን ሲያናውጥ ዓለም ወደዚያ ዞረ። የስፐርገር ትውልድ ሲሞት ቅኝቱም አብሮ ሞተ።

ወረቀቱ ግን ቀረ። ችግሩም እሱ ነው። በ1938 የዲተርስዶርፍ ኮንቸርቶ ጀርመን ውስጥ ታተመ። ተስተካክሎ ነው የታተመው፣ ለዛሬው ቅኝት። ከዚያ ወዲህ ኦርኬስትራ መግባት የፈለገ ኮንትራባስ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ወይ ዲተርስዶርፍን ወይ ቫንሃልን ይጠየቃል። እኔም ተጠይቄያለሁ። ከአገር ውጭ ነበር፣ የት እንደሆነ ይቅርብኝ። ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ የመጀመሪያውን ክፍል ጀመርኩ። ያ የሚዘለለው ቦታ ላይ ስደርስ ዘለልኩ። ያረፍኩት ግን ጎረቤት ቤት ነው። ከመጋረጃው ማዶ «እናመሰግናለን» የሚል ድምፅ መጣ። ኦዲሽን፣ ማለት የመግቢያ ፈተና፣ ላይ «እናመሰግናለን» ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ለዓመታት ጥፋቱ የጣቴ ነው ብዬ አምን ነበር። ትንሽ የጣቴም ነው። ይህን ቅኝት ገጥሜ ያንኑ ቦታ ስጫወተው ግን ሳቅኩ። ዝላይ የለም። ዲተርስዶርፍ ዝላይ አልጻፈም። ሁለት ጎረቤት ጅማት ነው የጻፈው። ዝላዩን የፈጠርነው እኛ ነን፤ ከዚያ ልጆችን በእሱ እንፈትናለን።

ደግነቱ ጊዜው እየተቀየረ ነው። ዛሬ በዚህ ቅኝት የሚጫወቱ፣ የሚቀርጹ ሰዎች አሉ። በስፐርገር ስም የሚጠራ ዓለም አቀፍ የኮንትራባስ ውድድርም ጀርመን ውስጥ ይካሄዳል። ኮንቸርቶዎቹ እየታተሙ ነው። ገና ሁሉም አልተለመዱም። ተማሪዎቼ ከዩቲዩብ አግኝተው ሲያመጡልኝ ደስ ይለኛል፤ አንዳንዴም ሳልሰማው የቀረሁትን ያሰሙኛል።

በሉ፣ ወሬው ይብቃ። ቪዮላ የምትጫወተው ጓደኛዬ እዚህ ናት። ነይ፣ እዚህ ጋ ቁሚ። ከሶናታዎቹ የአንዱን ቀስ ያለ ክፍል እንጫወትላችኋለን። ስናገር አዳራሹ ሞቀና የፋ ሻርፑ ጅማት ትንሽ ወርዷል። ይሰማችኋል? እንደገና ልቃኘው። ሁለት ደቂቃ ስጡኝ።